ደብረ ማርቆስ ላይ ፔንሲዮን በጋዝ ቦይለር ማሞቅ፦ የሚያውቅ ይምራኝ

የማርቆስ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከእናቴ ጋር ስምንት ክፍል ያለው ፔንሲዮን እያሠራን ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱ ገና አልተመታም። የወለሉ ሊሾም አልፈሰሰም። ማስተካከል የሚቻል ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው።

የማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ክረምት ደግሞ እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ ነው፣ ቀጥሎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ። አንዳንዱ ከሰል አምጡልኝ ይላል። እኔ ግን መኝታ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዲገባ አልፈቅድም።

አውሮፓ የሚኖር ዘመድ ኮንደንሲንግ የሚባለውን የጋዝ ቦይለር ሊልክልን ነው። 24 ኪሎዋት ነው። የሻወሩን የኤሌክትሪክ ቦይለር ማለቴ አይደለም። ራዲያተር ወይም ወለል ውስጥ የሚዞር ውሃ የሚያሞቀውን ነው። በሲሊንደር ጋዝ ይሠራል ወይ? ከፍታችን ችግር ያመጣበታል ወይ? ራዲያተር ይሻላል ወይስ የወለል ቧንቧ? መቆጣጠሪያውስ ምን ዓይነት ይሁን? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? የሞከረ ወይም የሚያውቅ ካለ ብትነግሩኝ በጣም ነው የማመሰግነው።

ቢቸና_ማንችስተር

እንኳን ሊሾው ሳይፈስ ጠየቅሽ እህቴ። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ሥራዬ ደግሞ እዚህ እንግሊዝ አገር ቦይለር መግጠምና መጠገን ነው። የሁለቱንም አገር ብርድ ስለማውቀው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከዋናው ልጀምር። ጋዝ ሲቃጠል ጭሱ ውስጥ ብዙ የውሃ እንፋሎት አለ። የድሮ ቦይለር ያን እንፋሎት ከነሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ኮንደንሲንጉ ግን ጭሱን ከቤት በሚመለሰው ውሃ ያቀዘቅዘዋል። እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ጠብታ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ለውሃው ይሰጣል። በተፈጥሮ ጋዝ ይህ ትርፍ እስከ 11 በመቶ ይደርሳል፣ በሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ የሚሆነው ግን የሚመለሰው ውሃ ቀዝቀዝ ካለ ብቻ ነው። እዚህ በየቤቱ የማየው ችግር ይሄው ነው። ሰው ውድ ቦይለር ይገዛና የሚላከውን ውሃ 75 ዲግሪ ላይ ያደርገዋል። የሚመለሰው 60 ይሆናል። እንፋሎቱ እንዳለ ወደ ውጭ ይወጣል። ገንዘቡ የወጣበት ነገር ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚገጠም ቦይለር ኮንደንሲንግ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የሚላከው ውሃ ከ55 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተደርጎ አዲስ መስመር ይነደፍ የተባለው ግን በ2022 ነው። ዕቃውን አስቀድመው አስገቡ፣ አጠቃቀሙን ብዙ ቆይተው አስተካከሉ። አንቺ ከመጀመሪያው አስተካክለሽ መጀመር ትችያለሽ።

አሁን ወደ ማርቆስ። ከፍታው ሁለት ነገር ይለውጣል።

አንደኛው ኃይሉ ነው። የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያስገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። 24 የተባለው ቦይለር 18 ገደማ ቢሰጥሽ አይግረምሽ። ለማሞቂያው ይበቃል። ሙቅ ውሃው ላይ ግን ሦስት እንግዳ አንድ ላይ ሻወር ሲከፍት ይታወቃል።

ሁለተኛውን ብዙ ባለሙያ አያነሳውም። ግፊቱ ሲቀንስ እንፋሎቱ ጠብታ የሚሆንበት ሙቀትም ይወርዳል። ለሲሊንደር ጋዝ በባህር ጠለል 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። በማርቆስ ከፍታ ወደ 45 ይጠጋል። ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የአውሮፓ መመሪያ "የሚመለሰው ከ55 በታች ይሁን" ቢልሽ ላንቺ አይሠራም። አንቺ ዘንድ 40 እና ከዚያ በታች መሆን አለበት። 35 ቢሆን ደግሞ እሰየው ነው።

ይህን ካወቅን ራዲያተር ወይስ ወለል የሚለው ቀላል ነው። ራዲያተር ውስጥ 45 ዲግሪ ውሃ ብትልኪ ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የምታገኚው። ለዚያው ሙቀት ሦስት እጥፍ ራዲያተር መግዛት ሊኖርብሽ ነው። የወለል ቧንቧ ግን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውሃ ክፍሉን ያሞቃል። ሊሾሽ ገና ነው። ወለል አድርጊው።

ቦይለሩ ከመላኩ በፊት ዘመድሽ መመሪያውን ከፍቶ ያንብብልሽ። እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚፈቀድ ይይ። 2,000 ሜትር ላይ የሚያቆሙ አሉ፣ እነዚያ ላንቺ አይሆኑም። ወደ ኤልፒጂ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደር ጋዝ፣ መቀየር መቻሉንና የመቀየሪያ ዕቃው አብሮ መኖሩን ያረጋግጥ። እዚያ የሚሸጠው በአብዛኛው ለተፈጥሮ ጋዝ፣ በ20 ሚሊባር ግፊት የተስተካከለ ነው። በሲሊንደር የሚመጣው ፕሮፔን ደግሞ 37 ሚሊባር ይፈልጋል። ሳይቀየር በሲሊንደር ጋዝ መለኮስ አደጋ ነው። ዝቅተኛ ኃይሉም ስንት እንደሆነ ይጠይቅ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አያ_ደጀን

ልጆቼ፣ ስለ ዲግሪው እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ከሰሉ አንድ ቃል ልናገር።

ልጄ፣ ከሰል ክፍል አላስገባም ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ አገር ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ አደጋው ያለፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም። ሰውየው ተኛሁ ብሎ በዚያው ይቀራል። በየብርዱ ወቅት ቤተሰብ በሙሉ ታፍኖ አደረ ሲባል የምንሰማው በዚህ ነው። እንግዳ ራሱ ከሰል ይዞ እንዳይገባ በር ላይ ጽፈሽ ለጥፊ።

ግን ልጠይቅ። ጋዙስ ይህ አደጋ የለበትም ወይ?

ቢቸና_ማንችስተር

አባቴ፣ ልክ ነዎት። ጋዝም ሳይስተካከል ከተቃጠለ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ለዚህ ነው እዚህ ያልተመዘገበ ሰው ጋዝ እንዳይነካ በሕግ የተከለከለው።

ልዩነቱ ይህ ቦይለር የሚተነፍሰው የክፍሉን አየር አለመሆኑ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ድርብ ቧንቧ አለው። በውጭኛው አየር ከደጅ ይስባል፣ በውስጠኛው ጭሱን ወደ ደጅ ይልካል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ቧንቧው በትክክል ከተገጠመ ነው እንግዲህ። ወደ ቦይለሩ ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት፣ በሜትር 5 ሳንቲሜትር ያህል። ጠብታው ወደ ውስጥ ተመልሶ በማስወገጃው ይወርዳል። ያ ጠብታ አሲድነት ስላለው የብረት ቧንቧ ይበላል። በፕላስቲክ ቧንቧ ነው ወደ ፍሳሽ የሚሄደው።

ሁለት መጠቆሚያ ደወል ግዙ። አንዱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ቦይለሩ ያለበት ክፍልና መኝታ አጠገብ ይሰቀላል። ሌላው ያልተቃጠለ ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው ነው። እሱ ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ይገጠማል፣ ምክንያቱም የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል። ሲሊንደሮቹም በዚሁ ምክንያት ቤት ውስጥ አይቀመጡም። ውጭ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጥላ ባለው፣ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከመስኮት ራቅ ባለ ቦታ ይሁኑ። ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጡ!

ፒፒአር_ባህርዳር

እኔ ባህር ዳር የቧንቧ ሥራ ነው የምሠራው። ቦይለሩን አልነካም፣ ስለ ወለሉ ግን ልናገር።

እህት፣ እኛ አገር ሁሉም ነገር ፒፒአር በሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ ይሠራል። ለሻወር መስመር ጥሩ ነው። ለወለል ግን ፔክስ የሚባለውን ተጣጣፊ ቧንቧ አስመጪ፣ ያውም ኦክስጅን የማያሳልፍ ሽፋን ያለውን። ተራ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አየር ወደ ውሃው ያሳልፋል። ከዚያ ፓምፑም ሌላውም የብረት ክፍል ይዝጋል። ሊሾ ውስጥ መጋጠሚያ እንዳይኖር፣ ከኮሌክተሩ (ውሃውን ለየክፍሉ ከሚያከፋፍለው ዕቃ) ወጥቶ ወደ ኮሌክተሩ የሚመለስ አንድ ወጥ ቧንቧ ይሁን። 16 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ ዙር ከ100 ሜትር አይብለጥ። በዙሮቹ መካከል 15 ሳንቲሜትር ይበቃል።

ከቧንቧው ሥር ጠጠር ያለ ፎም አንጥፊ። አለዚያ መሬቱን ነው የምታሞቂው። በግድግዳው ዙሪያም ቀጭን ፎም አቁሚ፣ ሊሾው ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ሊሾው የሚፈሰው ቧንቧው በግፊት ተሞልቶ እያለ ነው። ግፊት መለኪያው እየታየ ይፈስሳል። ግንበኛ በአካፋ ቢወጋው ያኔውኑ ታውቂዋለሽ።

ስሚንቶው በደንብ ሳይደርቅ ደግሞ ማሞቂያ እንዳይለኮስ። አንድ ወር ያህል ታገሺ።

እንጅባራ_ደጋ

እኛ ዘንድ ከማርቆስም ይበርዳል። እዚህ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ስለሚያከስል ከሰል በቅርብ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ጋዝ ቢባል መጀመሪያ ዋጋውን ነው የሚጠይቀው። ወንድም ቢቸና፣ አንድ ሲሊንደር ስንት ሌሊት ያሞቃል? እሱን በግልጽ ንገረን።

ቢቸና_ማንችስተር

ጥሩ ጥያቄ ነው። በእጅ ስሌት ልሥራው።

ስምንት ክፍል 4 በ4 ሜትር ቢሆንና ኮሪደሩ ቢጨመር 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ውጭ 5 ዲግሪ፣ ውስጥ 20 እንበል። ኮርኒሱ ላይ ምንም ካልተነጠፈ ቤቱ በሰዓት 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያጣል። ከዚህ ውስጥ 5 ወይም 6 የሚሆነው በቆርቆሮው በኩል የሚወጣ ነው። ኮርኒሱ ላይ 10 ሳንቲሜትር የማዕድን ሱፍ ቢነጠፍ ጠቅላላው ወደ 9 ይወርዳል። ስለዚህ እህቴ፣ ከቦይለሩ በፊት ኮርኒሱ! በማንኛውም ማሞቂያ ብትጠቀሚ ይህ ወጪ ይመለሳል። ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ደግሞ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

አሁን ጋዙ። አንድ ኪሎ ኤልፒጂ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሌሊቱ ሁሉ እኩል አይበርድም። በአማካይ ግማሹን፣ ለ10 ሰዓት ብንይዝ 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ሦስት ኪሎ ተኩል ጋዝ ነው። ሁሉም ክፍል ከሞቀ 12.5 ኪሎው ሲሊንደር አራት ሌሊት አይሞላም። ደብቄ አልነግርሽም፣ ውድ ነው።

ሻወሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው 40 ሊትር ሙቅ ውሃ ቢጠቀም ከ100 ግራም ያነሰ ጋዝ ነው የሚፈጀው። አንድ ሲሊንደር ከ100 ሻወር በላይ ይሰጣል። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ካለና ቦይለሩ የጎደለውን ብቻ ካሟላ ደግሞ በበጋ ጋዝ አትነኪም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦይለሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ወደ 2 ኪሎ ጋዝ ሊፈልግ ይችላል። አንድ ሲሊንደር ያን ያህል ቶሎ አይተንም፣ ሰውነቱ በረዶ ይይዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ጋዙ ውስጥ ቡቴን በበዛ ቁጥር በብርድ ሌሊት ይብስበታል። ሦስት አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ተያይዘው፣ ለዚህ መጠን የሚሆን ሬጉሌተር ይኑራቸው። የምድጃው ሬጉሌተር አይችለውም።

መብራት_ሠሪ

እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም። ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ዋጋ እኔ ኤሌክትሪክን ነው የምመርጠው። ሙቀትም ቅዝቃዜም የሚሰጠው የግድግዳ ኤር ኮንዲሽነር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ያህል ሙቀት ከውጭ አየር ያመጣል። የእኛ ብርድ ለእሱ ቀላል ነው። በጎጃም ዙሪያ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ብቻ 460 ሜጋዋት ነው። ኃይል ከደጃችን እየመነጨ ጋዝ በመኪና ከሩቅ ማስጫን ለምን?

የማርቆስ_ልጅ

ወንድሜ፣ እኔም አስቤው ነበር። ግን መብራት የሚጠፋው ማታ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ማታ ነው የሚመጣው። ስምንት ኤር ኮንዲሽነር የሚሸከም ጀነሬተር መግዛት አልችልም። ቦይለሩስ ያለ መብራት ይሠራል ወይ?

መብራት_ሠሪ

ያለ መብራት አይሠራም፣ ግን የሚፈልገው ትንሽ ነው። ፋኑ፣ ፓምፑና የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አንድ ላይ 100 ዋት አካባቢ ቢሆኑ ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ እንኳ አምስት ስድስት ሰዓት ያቆየዋል። በዚህ በኩል ጋዙ እንደሚበልጥ አምናለሁ።

ኢንቨርተሩ ግን ንጹህ ሳይን ዌቭ ይሁን። ርካሹ ፓምፑን ያንጫጫዋል፣ ካርዱንም ይጎዳል። ሌላም አለ። ይህ ቦይለር እሳቱ መኖሩን የሚያውቀው በነበልባሉ በኩል በምታልፍ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ኒውትራሉና ኧርዙ በትክክል ካልታሰሩ እሳቱን "አላየሁም" ብሎ ይዘጋል። ጀነሬተርና ኢንቨርተር ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ፌዝና ኒውትራል ሳይቀያየር፣ ኧርዝ በደንብ ተቀብሮ ይሠራ። ስታብላይዘርም አይቅር።

ቢቸና_ማንችስተር

ይህን የጻፍክ ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እዚህም ብዙ ሰው ካርድ የሚቀይረው ኧርዝ መፈተሽ ሲገባው ነው።

ኤር ኮንዲሽነሩ ላይም አልከራከርህም። የሚሞቀው ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ቢሆን እኔም እሱን እል ነበር።

አሁን መቆጣጠሪያው። ዝቅተኛ ኃይሉን ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቤትሽ አብዛኛውን ሌሊት የሚፈልገው 4 ወይም 5 ኪሎዋት ነው። ቦይለሩ ከዚያ በታች መውረድ ካልቻለ ይለኮሳል፣ ይጠፋል፣ ይለኮሳል፣ ይጠፋል። ይህ ጋዝ ያባክናል፣ ዕቃውንም ቶሎ ያስረጃል። ሦስት ኪሎዋት ድረስ ዝቅ የሚል ካገኘሽ ውሰጂው።

እንደ አምፖል ብቻ የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት አትግዢ። ለቦይለሩ "ይህን ያህል ዲግሪ ላክ" የሚል ዓይነት ይሁን። ኦፕንተርም የሚባለው ቋንቋ ያላቸው አሉ፣ ቦይለሩ ይህን መቀበሉን አረጋግጪ። ከእሱ ጋር የውጭ ሙቀት መለኪያ ይገጠማል። ውጭ 18 ዲግሪ ሲሆን 26 ዲግሪ ውሃ ይልካል፣ ውጭ 5 ሲሆን 38። በመካከል ያለውን ራሱ ያስተካክላል። ከብርዱ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፣ አንቺ መነካካት የለብሽም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንግዶችን እየጠየቅሽ የሚላከውን ውሃ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ታደርጊዋለሽ። ዝቅ ማድረጉን ቀድመሽ ሞክሪ።

መለኪያውን የት እንደምትሰቅዪው ልብ በይ። የአውሮፓ መመሪያ "ሰሜን ግድግዳ ላይ" ይላል፣ እዚያ ፀሐይ ስለማይነካው። ጎጃም ላይ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር መለኪያው ይሞቅና ማሞቂያውን ያጠፋብሻል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሆነ ቦታ ስቀዪው። ከወጥ ቤት ጭስ ማውጫም ይራቅ።

ወለል ደግሞ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። እንግዳ ሲገባ ብትለኩሺ ሲተኛ ነው የሚሞቀው። ከቀኑ 9 ሰዓት አስጀምሪው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይቁም። ሊሾው እስኪነጋ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል።

የማርቆስ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥህ። ሰው የሌለበትን ክፍል መዝጋት ይቻላል ወይ? ሁሌ ስምንቱም አይሞሉም።

ቢቸና_ማንችስተር

ይቻላል፣ ኮሌክተሩ ላይ በየዙሩ ቫልቭ አለ። ግን ስድስቱን ዘግተሽ ሁለት ብቻ ብታስቀሪ ያው የመለኮስና የመጥፋት ችግር ይመጣል። የሚሄድበት ያጣ ሙቀት ቦይለሩን ይዘጋዋል። የኮሪደሩ ዙር ምንጊዜም ክፍት ይሁን፣ ቫልቭም አይኑረው። ባዶ ክፍሎቹንም ፈጽሞ ከመዝጋት 15 ዲግሪ ላይ ተያቸው። ለእርጥበቱም ይጠቅማል። እንግዳ በድንገት ሲመጣም ክፍሉ ከዜሮ አይነሳም።

እንጅባራ_ደጋ

ሶማሌ ክልል ካሉብ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ አንድ ቀን ወደ እኛ በቧንቧ ቢመጣ ይህ ሁሉ ሲሊንደር ይቀራል ማለት ነው?

ቢቸና_ማንችስተር

ያኔ ቦይለሩ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ይመለሳል፣ የተነሳው ዕቃ እንዳይጠፋ ብቻ ይቀመጥ። አሁን ግን በቧንቧ ይመጣል ብሎ ቤት መሥራት አይቻልም።

የማርቆስ_ልጅ

ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። ያሰብነውን ልንገራችሁና አርሙኝ። ኮርኒሱ ላይ ሱፍ እናነጥፋለን፣ ይህ ተቆርጧል። ፎምና ፔክሱም በስምንቱም ክፍል ይገባል፣ ሊሾ ከፈሰሰ በኋላ ማስገባት ስለማይቻል። ለሻወር የፀሐይ ማሞቂያ እንገዛለን። ቦይለሩን ግን ዘመዳችን መመሪያውን አንብቦ ከፍታውን ሳያረጋግጥ እንዳይልክ ነግረነዋል። ካልሆነስ ወለሉ ባዶ ይቀራል ወይ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ቢቸና_ማንችስተር

አይቀርም። ወለልሽ የሚፈልገው 38 ዲግሪ ውሃ ነው፣ ማን እንዳሞቀው አይጠይቅም። ነገ መብራቱ ከተሻሻለ ከኤር ኮንዲሽነሩ ጋር በአንድ ዘዴ የሚሠራ ውሃ የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ በዚያው ቧንቧ ላይ ይገጠማል። ለዚያ ቦታ ተዪ። ከኮሌክተሩ እስከ ውጭ ግድግዳ ሁለት 32 ሚሊሜትር ቧንቧ አስቀድመሽ አስገቢ፣ ጫፋቸው ይደፈን።

ፒፒአር_ባህርዳር

ኮሌክተሩ ኮሪደሩ መካከል ይሁን፣ ጫፍ ላይ አታድርጊው። ሩቁ ክፍል ዙሩ ረዝሞ ከ100 ሜትር ያልፍብሻል። የእያንዳንዱን ክፍል ስም ቫልቩ ላይ ጻፊ። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ የየክፍሉን ወለል ፎቶ አንሺ፣ ሜትር መሬቱ ላይ ዘርግተሽ። በር ማቆሚያ ለመትከል የሚበሳ ሰው አይጠፋም።

አያ_ደጀን

ልጄ፣ የከሰሉን ማስጠንቀቂያ ለጥፊ ያልኩሽን አትርሺ። ደወሎቹንም ቦይለሩ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ አሁን ግዢ።

የማርቆስ_ልጅ

እሺ አባቴ፣ ደወሉን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አዝዣለሁ። ሊሾው የሚፈሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። የቧንቧውን ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ከመሸፈኑ በፊት እዩልኝ።